«ምጣዱ ትንሽ ይነዝራል»

ከጥቂት ወራት በፊት በምሠራበት ጤና ተቋም ድንገተኛ ክፍል ሃያ ዓመት እንኳ የማይሞላት አንዲት ወጣት መጣች። ደግፈው ያመጧት አሠሪዋና አንድ ጎረቤታቸው ነበሩ። እንጀራ ስትጋግር ኮረንቲ ይዟት ወድቃለች። በቀኝ መዳፏ ላይ ከሽምብራ ፍሬ የማይበልጥ፣ ዙሪያው የነጣ፣ መሐሉ ጎድጎድ ያለ ቁስል ይታያል። ተመሳሳይ ቁስል በግራ ተረከዟ ላይም አለ። ራሷን ስታ ሳለ ወተት ሊያጠጧት ሞክረው ነበር። እኔ ጋ ስትደርስ ግን «ደህና ነኝ፣ ልሂድ» ትላለች።

አሠሪዋ በድንጋጤ ሁኔታውን ሲያስረዱኝ አንድ ነገር ሳያስቡት ከአፋቸው ወጣ፤ «ምጣዱ እኮ ድሮም ትንሽ ይነዝራል። ነጠላ ጫማ አድርጊ ብያት ነበር» አሉኝ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህች «ትንሽ ይነዝራል» የምትለው ቃል በብዙ ቤት አለች። ማቀዝቀዣው ሲከፈት ቆንጠጥ ያደርጋል፤ የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ እጅን ውርር ያደርጋል፤ የልብስ ማጠቢያው ሲነካ ይነዝራል። ቤተሰቡ ከዚህ ጋር መኖርን ይለምዳል። ከምጣዱ ፊት ጣውላ ይነጠፋል፣ ጫማ ይደረጋል፣ እንግዳ ሲመጣም «እሱን አትንካው» ይባላል። አንድ ታካሚ «ደረቴን ትንሽ ይወጋኛል» ብሎኝ «በግራ በኩል አትተኛ» ብዬ ብሸኘው ማንም ሐኪም አይለኝም። ንዝረትም እንደዚያው የሕመም ምልክት ነው። የታመመው ግን ቤቱ ነው።

በቤታችን ያለው ኮረንቲ 220 ቮልት ነው። ሰውን የሚጎዳው በሰውነቱ ውስጥ የሚያልፈው የኮረንቲ መጠን ሲሆን፣ እሱም በሚሊ አምፔር ይለካል። 1 ሚሊ አምፔር ገደማ ሲያልፍ የመውረር ስሜት ይሰማናል። ወደ 10 ሲጠጋ የክንድ ጡንቻ ይኮማተርና እጅ የጨበጠውን መልቀቅ ያቅተዋል፤ «ኮረንቲ ያዘው» የሚለው አባባላችን ለዚህ ልክ ነው። ከ50 እስከ 100 ሚሊ አምፔር የሚሆነው በደረት በኩል ካለፈ ደግሞ፣ ለአንድ ሁለት ሰኮንድ ያህል ብቻ ቢቆይም የልብን ምት ሊያዘበራርቅ ይችላል። ልብ መርጨቱን ትታ ትርገበገባለች፣ ደም ወደ አንጎል አይደርስም። ለማነጻጸር ያህል፣ የድሮው ባለ 100 ዋት አምፖል ለመብራት 450 ሚሊ አምፔር ያህል ይፈልጋል።

ታዲያ ስንት ጊዜ ተነዝረን ለምን አልሞትንም? ቆዳችን ሲደርቅ ለኮረንቲ ጠንካራ ግድግዳ ነው። ሲረጥብ ግን ያ ግድግዳ ይፈርሳል። ሰኞ እጅዎ ደርቆ፣ ጫማ አድርገው የነኩት ምጣድ ውርር ብቻ ያደርግዎታል። ሐሙስ እጅዎ ሊጥ ነክቶ፣ ሲሚንቶው ወለል ላይ ውሃ ፈስሶ፣ በባዶ እግርዎ ቆመው ቢነኩት ሌላ ነገር ነው። ምጣዱ አልተለወጠም። ጫማና ጣውላም ቢሆን የሚጠብቁት እግርን ብቻ ነው። አንድ እጅ ምጣዱን፣ ሌላው እጅ የዕቃ ማጠቢያውን ቧንቧ ከያዘ ኮረንቲው ከእጅ ወደ እጅ፣ ማለትም ቀጥታ በደረት በኩል ይሻገራል።

ምጣድ ለምን ይነዝራል? ከሸክላው ሥር እንደ ምንጭ የተጠቀለለ የሚግል ሽቦ አለ። ሸክላው ሲሰነጠቅ ሊጥና ውሃ በስንጥቁ ይወርዳሉ፤ ወይም ሽቦው ከቦታው ተንሸራትቶ የቆርቆሮውን አካል ይነካል። ከዚያ በኋላ ቆርቆሮው ራሱ ኮረንቲ የተሸከመ ይሆናል። ይህን አደጋ ለመከላከል የተበጀ ሽቦ አለ፤ አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለው፣ ባለሙያዎች ግራውንድ የሚሉት። ሾልኮ የወጣውን ኮረንቲ በእኛ በኩል ሳይሆን በራሱ በኩል ወደ መሬት ይወስደዋል፣ ብሬከሩም ወድቆ ኃይሉን ያቋርጣል። ችግሩ ይህ ሽቦ በብዙ ቤቶች የለም፣ ወይም ግድግዳው ውስጥ ተቆርጦ ቀርቷል፣ ወይም ምጣዱ የግራውንድ መስመር በሌለው ማከፋፈያ ላይ ተሰክቷል። ያለ ግራውንድ የሚሠራ ምጣድ እንጀራ መጋገሩን አያቆምም፤ ስለዚህ ጉድለቱን የሚያውቅ የለም።

እዚህ ላይ ከሕክምና ትንሽ ወጣ ልበልና አንድ የታዘብኩትን ልናገር። በቤት ውስጥ የሚነዘረው ሰውና ባለሙያ ለመጥራት የሚወስነው ሰው ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። የምትነዘረው የቤት ሠራተኛዋ ናት፣ ወይም እናት ናት። ገንዘብ የሚያወጣው ምጣድ ነክቶ የማያውቅ ሰው ነው። በኪራይ ቤት ደግሞ የሚነዘረው ተከራይ፣ ማሠራት ያለበት አከራይ ነው፤ ተከራዩም «ቅሬታ ካበዛሁ ውጣ እባላለሁ» ብሎ ዝም ይላል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ቤትዎ ሲገቡ ወጥ ቤት የምትሠራዋን «የሚነዝርሽ ዕቃ አለ?» ብለው ይጠይቁ። ሳትጠየቅ ላትናገር ትችላለች።

እኔም በዚህ ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። በተከራየሁት ቤት ምጣዱና የውሃ ማሞቂያው አብረው ሲበሩ ብሬከሩ እየወደቀ አስቸገረ። በሰው በሰው ያገኘሁት ሠራተኛ መጣና በአሥር ደቂቃ ውስጥ ትልቅ ብሬከር ቀይሮልኝ ሄደ። ብሬከሩ መውደቁን አቆመ፤ እኔም አመስግኜ ከፈልኩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ከግድግዳው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መጣ። ሌላ ባለሙያ ሲከፍተው የሽቦው ልባስ ቀልጦ ጠቁሯል። ነገሩ ሲገባኝ አፈርኩ። አንድ ምጣድ ብቻውን ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል፤ ይህም ከ16 እስከ 18 አምፔር መሆኑ ነው። ተራ የግድግዳ ሶኬት የተሠራው በአብዛኛው እስከ 16 አምፔር ድረስ እንዲሸከም ነው። ማሞቂያው ሲጨመርበት ቀጭኑ ሽቦ አይችለውም። ብሬከሩ ይወድቅ የነበረው ሽቦው እንዳይቃጠል ነበር። ትልቁን መግጠም ማለት ትኩሳት አሳየ ብሎ ቴርሞሜትሩን መስበር ነው። ለምጣድ የሚያስፈልገው ከብሬከር ሳጥኑ በቀጥታ የሚመጣ፣ ወፈር ያለ የራሱ መስመር ነው።

ስለ ካርድ ቶሎ ማለቅ የሚያማርሩ አንባቢያንም እዚሁ ላይ ጥቅም ያገኛሉ። የሚሞቅ ሶኬት፣ የጠቆረ መሰኪያ፣ የሚንጣጣ ማብሪያ ማጥፊያ ገንዘብዎ ወደ ሙቀት እየተለወጠ የሚጠፋበት ቦታ ነው፤ እሳት የሚነሣውም ከዚያው ነው። አንድ ቀላል ፍተሻ ይሞክሩ። በቤት ያለውን ዕቃ ሁሉ ያጥፉ፣ ከሶኬት ይንቀሉ፣ ከዚያም ቆጣሪው ላይ ፍጆታ ሲኖር ብልጭ የምትለውን ትንሽ መብራት ለጥቂት ደቂቃዎች ይመልከቱ። ሁሉም ተነቅሎ ሳለ ብልጭ ማለቷን ካላቆመች፣ ወይ የረሱት ዕቃ አለ፣ ወይ ሌላ ሰው ከመስመርዎ ተቀጥሏል፣ ወይ ኮረንቲ የሆነ ቦታ እየሾለከ ነው። ሦስተኛው ከሆነ የሚከፍሉት ለሚነዝርዎት ኮረንቲ ነው።

ቁጠባው የሚጀመረውም ከዚያው ከምጣድ ነው። 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ ያለማቋረጥ አንድ ሰዓት ሲበራ የሚወስደው ኃይል 9 ዋት የሆነን የኤልኢዲ አምፖል ከ380 ሰዓት በላይ ያበራል። አምፖል ማጥፋት ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ትልቁ ገንዘብ እዚያ አይደለም። ሸክላው እስኪግል የሚበላው ኃይል ለሦስት እንጀራም ለሠላሳም ያው ስለሆነ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር በአንድ ጊዜ አብዝቶ መጋገር ይሻላል። አክንባሎው በደንብ ይግጠም። የመጨረሻዎቹን አንድ ሁለት እንጀራዎች ሸክላው በያዘው ግለት፣ ኃይሉን አጥፍቶ ማብሰል ይቻላል። ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በደረጃ ከፍ የሚል በመሆኑ ይህች ቁጠባ ከምትመስለው በላይ ዋጋ አላት። ማቀዝቀዣን ከግድግዳው ስንዝር ያህል ማራቅና የበሩን ጎማ ማየት፣ የውሃ ማሞቂያን ቀኑን ሙሉ አለመተውም ይረዳል።

ወደ ባለሙያው ምርጫ ስንመለስ፣ በሰፈር «ኤሌክትሪሺያን» የሚባል ሁሉ አንድ አይደለም። በአገራችን ለኤሌክትሪክ ሠራተኞች የብቃት ማረጋገጫ የሚሰጠው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው፤ ከቴክኒክና ሙያ ተቋማት ወጥተው የሙያ ምዘና ያለፉም አሉ። ማረጋገጫውን ለማየት መጠየቅ ነውር አይደለም፤ እኔን «የሕክምና ፈቃድህን አሳየኝ» የሚለኝ ታካሚ ቢመጣ ደስ ይለኛል። ከወረቀቱ ይልቅ ግን የሰውየው አሠራር ብዙ ይነግርዎታል። ጥሩ ባለሙያ ከመንካቱ በፊት ይጠይቃል፦ የትኛው ዕቃ ይነዝራል፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ከምን ጋር ሲበራ? እኛ የታካሚ ታሪክ እንደምንወስደው ማለት ነው። ኃይሉን ከዋናው ብሬከር ያጠፋል፣ በመሣሪያ አረጋግጦ ነው የሚነካው። በጣቱ ነክቶ «አለ፣ የለም» የሚለውን አሰናብቱት። ሽቦ ከሽቦ ጠምዝዞ በፕላስተር ጠቅልሎ የሚሄደውን፣ ብሬከሩን አሳድጎ የሚገላገለውን፣ ግራውንዱን ከውሃ ቧንቧ ጋር የሚያስረውንም እንዲሁ። ቧንቧው ፕላስቲክ ከሆነ ግራውንድ የለም፤ ብረት ከሆነ ደግሞ ንዝረቱን ለመታጠቢያ ቤቱና ለጎረቤት ያካፍላል።

ሥራው ሲያልቅ ሁለት ነገር ይጠይቁት። አንደኛ፣ የግራውንዱን መስመር በመሣሪያ ለክቶ ያሳይዎት። ሁለተኛ፣ ኮረንቲ ሲሾልክ በቅጽበት የሚያቋርጠውን፣ 30 ሚሊ አምፔር የሚባለውን ብሬከር ይግጠምልዎት። ከላይ ያልኳቸውን ቁጥሮች ካስታወሱ 30 ለምን እንደ ተመረጠ ይገባዎታል፤ ልብን ከሚያዘበራርቀው በታች ነው። በላዩ የመሞከሪያ ቁልፍ አለው፤ በወር አንዴ ይጫኑት፣ ካልወደቀ ተበላሽቷል። ከቆጣሪው ወደ ምሰሶው ያለው ችግር ደግሞ የማንም የሰፈር ባለሙያ ሥራ አይደለም፤ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ይደውሉ።

ሰው ኮረንቲ ሲይዘው ቢያዩ አይንኩት። ጩኸቱ አንጀት ቢበላም አይንኩት፤ አንዱን ለማዳን ሮጦ ሁለተኛ ተጎጂ የሚሆን አለ። መጀመሪያ ዋናውን ብሬከር ያጥፉ። ካልተቻለ፣ ደረቅ ነገር ላይ ቆመው በደረቅ እንጨት ወይም በፕላስቲክ ወንበር ያላቁት። ይህ የምለው ለቤት ውስጥ ኮረንቲ ነው፤ ከምሰሶ የወደቀ ሽቦ ከሆነ ርቀው ይቁሙና ይደውሉ። ከተላቀቀ በኋላ ራሱን ስቶ የማይተነፍስ ከሆነ የደረቱን መሐል በሁለት እጅ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲጎደጉድ አድርገው ይጫኑ፤ ሌላ ሰው አምቡላንስ ይጥራ፣ የቀይ መስቀል 907 ነው። ወተት አያስፈልግም፤ ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ የገባ ፈሳሽ ወደ ሳንባ ይወርዳል። አፈር ውስጥ መቅበርም ኮረንቲ አያወጣም። ቃጠሎው ላይ ቅቤም ሊጥም አይቀባ፤ ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ይቀዝቅዝ።

ከዚያም «ደህና ነኝ» ቢልም ያምጡት። የኮረንቲ ቃጠሎ ከውጭ ትንሽ፣ ከውስጥ ሰፊ ሊሆን ይችላል። ራሱን ስቶ የነበረ፣ ደረቱን የሚያመው፣ ልቡ የሚመታበት ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ሳይዘገዩ መታየት አለባቸው። ሽንቱ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ የተጎዳ ጡንቻ ኩላሊትን እያስቸገረ ነው። ገመድ ነክሶ ከንፈሩ የተቃጠለ ሕፃን ደግሞ ቁስሉ የዳነ ቢመስልም ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ቅርፊቱ ሲነሣ ድንገት ሊደማ ስለሚችል ክትትሉን አያቋርጡ።

ያችን ወጣት ራሷን ስታ ስለነበር አላሰናበትኳትም። የልብ ምርመራዋ ላይ ያልተስተካከለ ምት ታይቶ አንድ ቀን ሙሉ በክትትል ቆየች፤ ምቷም ተስተካከለ። የመዳፏ ቁስል ግን ካሰብነው በላይ ጠልቆ ስለነበር ለሳምንታት ተመላልሳለች። አንድ ቀን ስትመጣ ምጣዱ እንዴት ሆነ ብዬ ጠየቅኋት። «ባለሙያ መጥቶ ሠራው፣ መስመሩንም ለወጠው። ትላንት በባዶ እግሬ ነክቼ ሞከርኩት፣ አይነዝርም» አለችኝ። እንደዚያ አይሞከርም ብዬ ተቆጣኋት፤ እሷ ግን ትስቅ ነበር።