ቦዩ የማን ነው?

ግንቦት ሲገባደድ በብዙ ከተሞቻችን ወጣቶች አካፋ ይዘው ዲች ውስጥ ይገባሉ። ደለሉን፣ ፌስታሉን፣ «ሃይላንድ» የምንለውን የውሃ ፕላስቲክ እያወጡ ከቦዩ ጠርዝ ላይ ይከምራሉ። ክምሩን የሚያነሳ መኪና ግን ይዘገያል፤ እሱ ከመድረሱ በፊት የሰኔ የመጀመሪያው ዶፍ ይወርድና ሁሉንም ወደነበረበት ይመልሰዋል። ሥራው «ተከናውኗል» ተብሎ ሪፖርት ተደርጓል፤ ጎርፉም በአስፋልቱ ላይ መንገዱን ቀጥሏል።

ይህን ስንፍና ብሎ ማለፍ ይቀላል። ዋናው ችግር ግን ቦዩ ባለቤት የሌለው መሆኑ ነው። የሚቆፍረው የመንገድ ክፍል ነው፤ ቆሻሻው የጽዳትና ውበት፤ የመጸዳጃ ቤቱን ፍሳሽ ሌሊት የሚለቅበት ነዋሪ ደግሞ የደንብ አስከባሪ ጉዳይ ነው። ከተማዋን መሃል ለመሃል አቋርጦ የሚያልፈው ዋና መንገድ የፌዴራል ነው፤ ካልቨርቱ ውሃውን የሚተፋበት ሰፈር ግን የማዘጋጃ ቤቱ። ነዋሪው አቤት ሲል ከቢሮ ቢሮ የሚመላለሰው ለዚህ ነው።

ቦይ ሲደፈን የሚሞተው መንገዱ ነው። ጉድጓድ ባየን ቁጥር ሲኖትራኩን እንረግማለን፤ መኪናው ግን ውሃ የጀመረውን ነው የሚጨርሰው። ከአስፋልቱ ሥር ያለው ገረጋንቲ ሲርስ አቅም ያጣል፣ ጎማ ሲያልፍበት ይሰምጣል፣ ላዩ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ደግሞ ሌላ ውሃ ይገባል። ኮብልም ከዚህ አያመልጥም። ድንጋዩ ጠንካራ ቢሆንም ይዞት የቆመው ከሥሩና ከመሃሉ ያለው አሸዋ ነው፤ መውረጃ ያጣ ጎርፍ አሸዋውን ሲጠርገው ድንጋዩ እንደ ሽማግሌ ጥርስ ይነቃነቃል።

ገንዘብ አለ ወይ? ጥቂት አለ። በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ በዋናነት ከነዳጅ ላይ እየሰበሰበ ለጥገና ያከፋፍላል። ከተካፋዮቹ ከፌዴራል፣ ከክልልና ከከተማ መንገዶች መካከል ትንሹ ድርሻ የከተሞች ነው። ለአዲስ ግንባታ ግን በር ሰፍቷል፤ በዓለም ባንክ ድጋፍ 20 በማይሞሉ ከተሞች የተጀመረው የከተሞች መሠረተ ልማት ፕሮግራም ወደ 44፣ በኋላም ወደ 117 ከተሞች ደርሷል። በዚህ ገንዘብ ኮብል ተነጥፏል፣ ቦይም ተሠርቷል። ኮብል በኪሎ ሜትር ይቆጠራል፣ ይመረቃል። ለተጠረገ ቦይ ሪባን ሲቆረጥ ግን አላየሁም።

የቸልታው ዋጋ ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል ድሬዳዋ ታውቃለች። ከዚራና መጋላ የተባሉትን ሰፈሮቿን የሚለየው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይገበያይበታል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት በሐረርጌ ተራሮች ላይ የዘነበው ዝናብ በዚያ አሸዋ ላይ ደርሶ ከ250 በላይ ሰዎችን በተኙበት ወሰደ። ከዚያ ወዲህ የወንዙ ዳርቻ በግንብና በጋቢዮን ተጠናክሯል። ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ ድሬዳዋ በአዋጅ 416/1996 የራሷ ቻርተር ያላት አስተዳደር ስትሆን ውሃው ከሚሰበሰብበት ተዳፋት ከፊሉ የኦሮሚያ፣ የምሥራቅ ሐረርጌ ነው። ላይ ያለው ገበሬ እርከን ካልሠራ፣ ዛፉ ካለቀ፣ የከተማዋ ከንቲባ የቱን ያህል ቢተጋ ግንቡን ከማስረዘም በቀር ምን ሥልጣን አለው? ውሃ የአስተዳደር ወሰን አይጠይቅም፤ በጀትና ማኅተም ግን ይጠይቃሉ።

ሌላው ዓለም ነገሩን በክፍያ ለመፍታት ሞክሯል። በአሜሪካ ዋሽንግተን ስቴት የምትገኘው ቤልቪው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 የጎርፍ ውሃን እንደ ቧንቧ ውሃ የራሱ ገቢና መሥሪያ ቤት ያለው አገልግሎት አደረገችው። ዋሽንግተን ዲሲ ቤት ያለው ወገናችንም ከውሃ ቢሉ ጋር ውሃ ለማያሰርገው ጣሪያውና ሲሚንቶው ይከፍላል። የክፍያው ሐሳብ ቀላል ነው፤ ብዙ ጎርፍ ወደ ጎዳና የሚያወርድ ብዙ ይክፈል።

እኛ ደግሞ ስሙ «የጣሪያና ግድግዳ» የሆነ ግብር ለአሥርት ዓመታት ከፍለናል፤ ጣሪያው ስለሚያወርደው ውሃ ግን የጠየቀን የለም። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅም የሚመለከተው የንብረቱን ዋጋ ነው። በእኔ ግምት ከዚህ ታክስ ላይ ቁርጥ ያለ ድርሻ ለቦይ ካልተለየ፣ ቦዩም አንድ ተጠያቂ መሥሪያ ቤት ካላገኘ፣ አዲስ የሚነጠፈው ኮብል ሁሉ የክረምት ሲሳይ ነው።

ይህ ጊዜ ይወስዳል። ለዘንድሮ ክረምት ግን ለየከተማው ከንቲባ አንዲት ልመና አለችኝ፦ ከቦዩ የወጣው ደለል በወጣበት ቀን ይነሳ።