ሰዓቱ 96 ካለ አባቴ ደህና ናቸው ማለት ነው?

ለአባቴ ስማርት ሰዓት የገዛሁላቸው እርምጃቸውን እንዲቆጥሩበት ነበር። እሳቸው ግን እርምጃውን ትተው የሌሊቱን ኦክስጅን ያዙ። ጠዋት ጠዋት ቡናው ሳይፈላ ክንዳቸውን ይዘረጉልኛል፤ "እስቲ አንብቢልኝ ልጄ፣ ስንት ይላል?"

"96።"

"ተመስገን!"

እናቴ ግን አትስማማም። "አባትሽ ሌሊቱን ሙሉ ሲያንኮራፋ፣ ድንገት ትንፋሹ ጥፍት ሲል የምሰማው እኔ ነኝ። ሰዓቱ ምን ያውቃል?"

ማን ልክ እንደሆነ ለማወቅ ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ እንይ። ሰዓቱ ከጀርባው ቀይና ለዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን ወደ ቆዳ ይልካል። በደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ሲይዝና ሳይዝ ብርሃኑን የሚመጥበት መጠን ይለያያል። ሰዓቱ ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን ይለካና ከመቶ ስንቱ ኦክስጅን እንደያዘ ይገምታል። አዎ፣ ይገምታል።

ጤነኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ95 እስከ 100 ነው፤ ሲተኛ ትንሽ ዝቅ ማለቱ ያለ ነው። አንድ ሌሊት 86 ብታዩ አትደንግጡ፤ ማሰሪያው ላልቶ፣ እጅ ቀዝቅዞ ወይም ክንድ ተጫኖ ሊሆን ይችላል። አስተካክላችሁ ጥቂት ሌሊቶች ተከታተሉ። በተደጋጋሚ ከ90 በታች ከወረደ ለሐኪም አሳዩ።

ጥሩ የሚመስለው ቁጥርም ቢሆን ሊያሞኘን ይችላል፤ በሁለት ምክንያት።

አንደኛ፣ 96 የሌሊቱ አማካይ ነው። በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ ሲቋረጥ፣ አፕኒያ የሚባለው ማለት ነው፣ ኦክስጅኑ ለአጭር ጊዜ ወርዶ ይመለሳል። አማካዩ ያንን ይሸፍነዋል። ስለዚህ አፑን ከፍታችሁ የሌሊቱን መስመር እዩ።

ሁለተኛው የኛው ጉዳይ ነው፤ የቆዳ ቀለም። በ2020 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ የአሜሪካ ጥናት የሆስፒታል የጣት መለኪያዎችን ከደም ምርመራ ጋር አነጻጸረ። መለኪያው ከ92 እስከ 96 ባሳየበት ጊዜ፣ እውነተኛው መጠን ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው ከጥቁር ታካሚዎች ልኬቶች ከመቶ 12 ገደማ፣ ከነጮቹ ግን ከመቶ 4 ገደማ ነበር። የሆስፒታሉ መለኪያ እንዲህ ከሳተ፣ የእጅ ሰዓትን እንደ ሐኪም ማመን አይገባም።

ይህን ሳስረዳቸው አባቴ "ታዲያ ለምን ገዛሽልኝ?" ብለው ሳቁ። ቢሆንም አብረን ወደ ኩፓት ሆሊም ሄድን። ሐኪሟ ፊት የሰዓቱን ነገር ባጭሩ ጨረስኩና የእናቴን ቃል አንድ በአንድ ወደ ዕብራይስጥ ተረጎምኩ፦ ማንኮራፋቱን፣ የትንፋሹን መቋረጥ፣ የጠዋቱን ራስ ምታት፣ በቀን ቁጭ ባሉበት ማንቀላፋታቸውን። የእንቅልፍ ምርመራ ታዘዘ፤ ውጤቱም አፕኒያ ሆነ። አሁን አባቴ የአየር ጭንብል አድርገው ይተኛሉ።

እናንተም በቤታችሁ ቁጥር አንባቢዎች እናንተ ናችሁ። ስታነቡ አጠገባቸው የሚተኛውን ሰው ጠይቁ። ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ከንፈራቸው ከጠቆረ ደግሞ ሰዓቱ ምንም ይበል፣ 101 ደውሉ።