እውነትን በሐሰት ውስጥ ስለ መደበቅ

ሐሰትን በእውነት መካከል ሸሽጎ ማሳለፍ የቆየ ብልኀት ነው፤ ነጋዴም ጠበቃም ተማሪም ያውቀዋል። እውነትን በሐሰት መካከል ሸሽጎ ማሳለፍስ? በእንግሊዝ አገር በዚህ ጥያቄ ላይ የተመሠረተ አንድ የራዲዮ ጨዋታ አለ። ስሙ «ዘ አንቢሊቨብል ትሩዝ» ይባላል፤ ወደ አማርኛ ቢመለስ «የማይታመን እውነት» እንደ ማለት ነው። በቢቢሲ ራዲዮ 4 መጀመሪያ ለሙከራ የተሰማው በ2006 ሲሆን፥ በተከታታይ መቅረብ የጀመረው በ2007 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጨዋታውን ያወጡት ሚስተር ግሬም ጋርደንና ሚስተር ጆን ኔይስሚዝ ናቸው። ሚስተር ጋርደን በሕክምና ተመርቀው ሳለ ኑሯቸውን በቀልድ ያደረጉ ሰው ናቸው። በ1972 የተጀመረውን «አይም ሶሪ አይ ሃቨንት ኤ ክሉ» የተባለውን ሌላውን የራዲዮ ቀልድም ያፈለቁት እሳቸው ናቸው። የጨዋታው መሪ ደግሞ ዴቪድ ሚቸል የተባሉት ቀልደኛ ናቸው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። አራት ተናጋሪዎች በተመልካች ሕዝብ ፊት ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ በተራው በተሰጠው ርእስ ላይ አጭር ንግግር ያደርጋል። ንግግሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሐሰት መሆን አለበት፤ በመካከሉ ግን አምስት እውነቶች ተሰውረዋል። የቀሩት ሦስቱ አድምጠው እውነት የመሰላቸውን ሲሰሙ ይደውላሉ። ደዋዩ እውነቱን አግኝቶት እንደ ሆነ አንድ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ሐሰቱን እውነት ነው ብሎ እንደ ሆነ ግን አንድ ነጥብ ይቀነስበታል። ተናጋሪውም ሳይታወቅበት ስላሳለፈው ስለ እያንዳንዱ እውነት አንድ ነጥብ ያገኛል። ንግግሩ ሲፈጸም መሪው ያመለጡትን እውነቶች ይገልጣሉ። ቅጣት ስላለበት ከዜሮ በታች ወርዶ መጨረስ እንግዳ ነገር አይደለም።

ከዚህ በፊትም ተመሳሳይ ጨዋታዎች ነበሩ። በአሜሪካ በ1956 በቴሌቪዥን የተጀመረው «ቱ ቴል ዘ ትሩዝ» ሦስት ሰዎችን አቅርቦ ሦስቱም አንድ ሰው ነን እንዲሉ ያደርግ ነበር። በ1965 በቢቢሲ ቴሌቪዥን የተጀመረው «ኮል ማይ ብላፍ» ደግሞ ለአንድ እንግዳ ቃል ሦስት ፍቺ ሰጥቶ እውነተኛውን ያስመርጥ ነበር። በእነዚህ ሁሉ ግን ሐሰተኛው እውነተኛ ለመምሰል ይደክማል። በዚህኛው የሚደክመው እውነተኛው ነው፤ ሐሰት መምሰል አለበትና።

ይህም እንዴት እንደሚሆን ደጋግሜ ሳዳምጥ ሁለት መንገድ አስተዋልሁ። አንደኛው እውነቱን በአራት በአምስት ተመሳሳይ ቅዠቶች መካከል አሰልፎ፥ በዚያው በቀልድ ድምፅ፥ ሳይቆሙ ማለፍ ነው። ሰሚው እየሣቀ ሳለ ያልፈዋል። ሁለተኛው ወጥመድ ነው፤ ማለት እርጋታ ያለው፥ የመጽሐፍ ቃል የሚመስል ሐሰት መናገር ነው። ተወዳዳሪዎቹ በዚህ ላይ ተሻምተው ይደውላሉ፤ ነጥባቸውንም ይከስራሉ። ከዚህ የምንረዳው ሰው የሚያምነው ነገሩን መርምሮ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ድምፁን ሰምቶ መሆኑን ነው። ለዚህም ያው ቢቢሲ በኤፕሪል 1 ቀን 1957 ያደረገው ይመሰክራል። «ፓኖራማ» በተባለው የቁም ነገር ፕሮግራም፥ በስዊስ አገር ገበሬዎች ከዛፍ ላይ ስፓጌቲ ሲለቅሙ የሚያሳይ ፊልም ቀረበ። ተራኪው እጅግ የተከበሩት ሪቻርድ ዲምብልቢ ነበሩና ዛፉን እንዴት እንተክላለን ብለው የጠየቁ ሰዎች ተገኙ። ፓስታን ከእኛ ይልቅ የማያውቅ ሕዝብ ነበር ብሎ መሣቅ ይቻላል፤ ነገር ግን ድምፁ ያሳመነው ዕውቀት ባለበትም ቦታ ያሳምናል።

ይህን የምለው በመኝታ ክፍላችን ጨዋታውን በአማርኛ ሞክረነው ስለ ነበር ነው። ርእሴ ንብ ነበር፤ በደወል ፈንታ ብርጭቆ በማንኪያ እንመታ ነበር። አምስቱ እውነቶቼ እነዚህ ነበሩ፦ ንብ አምስት ዓይን አላት፤ ቀይ ቀለም አይታያትም፤ አበባው ያለበትን አቅጣጫ ለጓደኞቿ በውዝዋዜ ትነግራለች፤ አንዲት ሠራተኛ ንብ በዕድሜዋ ሙሉ የምትሠራው ማር አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም፤ ወንዱ ንብ አባት የለውም፥ አያት ግን አለው። የመጨረሻውን ስናገር ክፍሉ በሣቅ ተናወጠ፤ ብርጭቆውንም የነካ የለም። ነገሩ ግን ግልጥ ነው። ወንዱ ንብ የሚፈለፈለው ካልዳበረ እንቁላል ነው፤ እናቱ ግን ከዳበረ እንቁላል ስለ ተፈለፈለች አባት አላት። እኛ የቀፎውን እናት «አውራ» እያልን ስለምናድግ እውነቱ በገዛ ቋንቋችን ጭምር ተሸፍኖ አለፈ። ከመካከላችን ቀፎ ካለበት ቤት የመጣው ልጅ ሁሉን ያውቃል ብዬ ፈርቼው ነበር፤ እሱ ግን ዕውቀቱን ተማምኖ በሐሰቶቼ ላይ እየመታ ሦስት ነጥብ ከሰረ።

ከሐሰቶቼ አንዱ ይህ ነበር፦ «ከሩቅ የመጣች ንብ በቀፎው በር ላይ ክንፏን ሦስት ጊዜ ካላራገበች ዘበኞቹ አያስገቧትም።» በቀፎ በር ላይ ዘበኛ ንቦች መኖራቸው እውነት ነው፤ የራሳቸውን የሚለዩት ግን በጠረን ነው። ስለ ሦስቱ ማራገብ ከራሴ ፈጠርሁት። ከአንድ ሳምንት በኋላ ይኸው ልጅ በምግብ ቤት ተቀምጦ ይህንኑ ለሌሎች ተማሪዎች እንደ ቁም ነገር ሲያስረዳ አገኘሁት። የእንግሊዙ ጨዋታ ያመለጡትን እውነቶች ይቆጥራል እንጂ ሐሰቶቹን አንድ በአንድ አያፈርስም፤ ከአምስቱ በቀር ሁሉም ሐሰት ነው የሚለው ደንብ ይበቃል ተብሎ ነው። ሰሚው ግን ደንቡን ረስቶ ነገሩን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ከመካከል የገባ ሰው ደግሞ ደንቡን ከመጀመሪያውም አልሰማም።

ልጁን ለብቻው ጠርቼ የፈጠርሁት መሆኑን ነገርሁት። ጥቂት ዝም ብሎ፥ «እንግዲያው ስንት ዓይን ነው ያላት?» አለኝ።

«አምስት» አልሁት።

«ተው እንጂ፥ አሁንስ አታታልለኝም» ብሎ ሥቆ ሄደ። የባዮሎጂውን መጽሐፍ ትራሱ ላይ አስቀምጬለታለሁ፤ እስከ ዛሬ ድረስ አልገለጠውም።