ሹዋሊድን ከቤት ውስጥ ማየት

ሐረር ላይ ኢድ አልፈጥር ካለፈ በኋላም ጾም የማይወጣባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። በዚያ ሳምንት ጀጎል ግንብ ውስጥ ከአንድ ሐረሪ ቤተሰብ ዘንድ ያረፈ እንግዳ ቁርሱን ብቻውን ይበላል። የቤቱ እመቤት ያቀርባሉ፣ ይቀዳሉ፣ «ጨምር እንጂ» ይላሉ፤ እሳቸው ግን አይቀምሱም። ረመዳን አለቀ ብሎ የመጣ ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም።

ከረመዳን ቀጥሎ የሚመጣው የሸዋል ወር የመጀመሪያው ቀን ኢድ ስለሆነ አይጾምም። ከማግስቱ ጀምሮ ስድስት ቀን መጾም ግን በእስልምና የተወደደ ነው። በወር አበባ ወይም በአራስነት ምክንያት ረመዳንን ሙሉ ያልጾሙ ሴቶችም ያለፋቸውን ቀን ማካካስ አለባቸው። ስድስቱን ቀን የሚጾም ሙስሊም በየአገሩ ሞልቷል። ሐረሪዎች ግን ጾሙ ሲያልቅ ሦስት ቀን የሚዘልቅ በዓል ያከብራሉ፤ እሱ ነው ሹዋሊድ። ስለ በዓሉ የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከከበሮው ይጀምራል። እኔ ከማጀት መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ። ከበሮው የሚመታው ጾመው በዋሉት፣ በተለይም በሴቶቹ ምክንያት ነውና።

ስለዚህ በመጀመሪያ ቤቱን እንወቅ። የሐረሪ ቤት ከመንገድ ሲያዩት የድንጋይ ግድግዳና አንድ በር ነው። ግቢውን አልፎ፣ ጫማውን አውልቆ ወደ ዋናው ክፍል የዘለቀ ሰው ወንበር ቢፈልግ አያገኝም። ክፍሉ ከፍና ዝቅ እያለ በአምስት መደብ ተከፍሏል፤ መደቡን ነደባ ይሉታል። አሚር ነደባ የአባወራውና የከበረ እንግዳ መቀመጫ ነው፤ ጊዲር ነደባ ሰፊ ስለሆነ ብዙ ሰው ያስተናግዳል። ሌሎቹም እያንዳንዳቸው ስምና ባለቤት አላቸው። ነደባው በቀይ አፈር ይቀባል፤ ቀለሙ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት መታሰቢያ ነው የሚሉ አሉ። ግድግዳው በስፌት፣ በሰፌድና በሳህን ተሸፍኗል። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ምንጣፍ ካለ ደግሞ ቤቱ ውስጥ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። ይህን የማያውቅ እንግዳ ጮክ ብሎ «ይህ ምንጣፍ ለምን አይነጠፍም?» ሲል ቤቱ በሳቅ ይሞላል።

በሹዋሊድ ሰሞን ዘመድ ከአዲስ አበባም ከቶሮንቶም ይመጣልና ነደባው ይጣበባል። ያኔ የመቀመጫው ሥርዓት በደንብ ይታያል። ትናንት ከፍ ካለው ቦታ የተቀመጠው እንግዳ ዛሬ አንድ ሽማግሌ ሲገቡ ብድግ ብሎ ዝቅ ቢል፣ ማንም ባያዘውም ሁሉም ልብ ይለዋል። ቤተኛ መሆን እንዲህ ይጀመራል።

የስድስተኛው ቀን ጀምበር ስትጠልቅ ጾሙ በቴምርና በውኃ ይፈታል፤ ሾርባና ሳምቡሳ ይከተላል። ሁልበት ማረቅ የሚሉት የአብሽ ወጥ ከቀረበማ እንግዳው ምራቁን ውጦ ተራውን ይጠብቅ። ከዚያ ልብስ ይለበሳል፤ ሴቶቹ በአትላስ ያሸበርቃሉ፣ ሽቶና እጣን ቤቱን ያውዳል። ከዚህ በኋላ ቤት የሚቀር የለም።

መድረሻው አዋች ነው። ሐረሪዎች የወልዮችን፣ ማለትም የእስልምና ቅዱሳንን፣ መቃብርና መዘከሪያ ቦታ አዋች ይሉታል፤ ዩኔስኮ ጀጎልን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶችና 102 አዋቾች እንዳሉት አስፍሯል። ሹዋሊድ በተለይ የሚከበረው በሁለቱ፣ በአው ሹሉም አህመድና በአው አክበራ ነው። እዚያ ሌሊቱን ዚክሪ ይባላል፤ አንዱ ያወርዳል፣ ሕዝቡ ይቀበላል፣ አላህና ነቢዩ ይወደሳሉ። ከበሮውን ከረቡ ይሉታል። ከበል የሚባሉት ደግሞ መዳፍ የሚሞሉ ጠፍጣፋ እንጨቶች ናቸው፤ ጥንዱ ሲጋጭ የሚወጣው ደረቅ ድምፅ ከከረቡው ጉምጉምታ በላይ ጠርቶ ይሰማል። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። እንግዳ ተቀብሎ ሲሞክር ግን መጀመሪያ የሚመታው የራሱን ጣት ነው፣ ቀጥሎ ደግሞ ምቱ ጥሎት ይሄዳል፤ አጠገቡ ያሉት እናት ግን ወሬያቸውን ሳያቋርጡ፣ እጃቸውን ሳያዩ ያጋጩታል። በመሃል ቡና ይዞራል፣ ጫት ይቀርባል፣ ሽማግሌዎች ዱዓ ያደርጋሉ፣ «አሚን» ከየአቅጣጫው ይሰማል።

በዓሉ የወጣቶች መተያያ መሆኑንም ማንም አይደብቅም። ያገባች ሐረሪ በባህሉ ፀጉሯን ከጆሮዋ ኋላ ሁለት ቦታ ጠቅልላ በጉፍታ ስለምትሸፍነው፣ ጎረምሳው ማንን ማየት እንዳለበት ያውቃል። ወላጅ እንደ ልብ በማያስወጣበት በድሮው ጊዜ ሹዋሊድ የስንቱ ትዳር መነሻ እንደነበር ትልልቆቹ እየሳቁ ያወራሉ። ዛሬ ስልክ አለና ያን ያህል አይጠበቅም፤ ቢሆንም ለሹዋሊድ ያልተዋበ ወጣት አላየሁም።

በኅዳር 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ ሹዋሊድን በማይዳሰስ ቅርስነት መዘገበው፤ ከመስቀል፣ ከፍቼ ጨምበላላ፣ ከገዳ ሥርዓትና ከጥምቀት ቀጥሎ ለኢትዮጵያ አምስተኛው ሆነ። ከዚያ ወዲህ ባለሥልጣንና ካሜራ በዝቷል፣ መድረክና ድምፅ ማጉያ መጥቷል። ይህን የሚያማርር አለ። እኔ ብዙም አልከፋኝም፤ ከተማዋ እንግዳ ትፈልጋለች፣ የስፌትና የሐላዋ ነጋዴም ገበያ ያገኛል። ግን መድረኩን ብቻ አይቶ የተመለሰ ሰው የዳንስ ትርኢት ነው ያየው። ስድስቱን ቀን ማን እንደጾመ፣ ውኃውን ማን ቀድሞ እንደጠጣ ሊያውቅ አይችልም።

መሄድ ለሚያስብ፦ ቀኑ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ቀደም ብሎ ይመጣል። ኢድ ከዋለ በኋላ ስድስት ቀን ጾም መቁጠር ነው፤ የስድስተኛው ቀን ምሽት ዋዜማው ነው። ከኢድ ማግስት የደረሰ ሰው ጾሙንም በዓሉንም ያያል። በአውሮፕላን ወይም በባቡር ድሬዳዋ ወርዶ፣ ቀሪውን በሚኒባስ መጨረስ ይቻላል። ጀጎል ውስጥ እንግዳ የሚያሳድሩ ነባር ቤቶች አሉ፤ ከውጭ የሚመጡት ዘመዶች ስለሚቀድሙ ክፍሉን ከረመዳን በፊት መያዝ ይበጃል። ሴት ተጓዥ ሻሽ ትያዝ፤ አዋች ስትገባ ያስፈልጋታል። ለቤቱ እመቤት ስኳርና ቡና ይዞ መሄድ አያሳፍርም።