ውሃ ኮልፌ ላይ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

የ7ኛ ክፍል ተማሪ «ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?» ተብሎ ሲጠየቅ ሳያመነታ «በ100» ይላል። መጽሐፉም፣ ቤት የምታስጠናው ታላቅ እህቱም ያሉት ይህንኑ ነው። እኔ አጠቃላይ ሳይንስ የማስተምረው ኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ ነው፤ እዚህ ሰፈር ደግሞ ክዳኑ ክፍት በሆነ ድስት ውሃ 100 ዲግሪ ደርሶ አያውቅም።

ይህን ለልጆቹ ቀድሜ አልነግራቸውም። ምድጃ፣ ድስትና ቴርሞሜትር ይዤ እገባለሁ። ከ50 በላይ ተማሪ አንድ ድስት ከቦ ማየት ስለማይችል ስልኬን ቴርሞሜትሩ ላይ ደግኜ ቪዲዮ እቀርጻለሁ፤ በየደቂቃው አንድ ልጅ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። 70፣ 80፣ 90 እያለ ይወጣል። 92 አካባቢ ሲደርስ ይቆማል። ውሃው እየተንተከተከ፣ እንፋሎቱ መስኮቱን እያለበሰ፣ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አይልም።

«ቲቸር፣ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል!»

«ሊሆን ይችላል። በምን እናረጋግጥ?»

ትምህርቱ እዚህ ጋ ይጀምራል። አንዱ ሌላ ቴርሞሜትር ይምጣ ይላል፤ ይመጣል፣ እሱም 92 ነው። የቧንቧው ውሃ ነው ያሉት የታሸገ ውሃ ያስመጣሉ፤ ለውጥ የለም። እሳቱ ይጨመር ሲሉ ይጨመራል፤ ውሃው ቶሎ ተንኖ ድስቱ ይጎድላል እንጂ ሙቀቱ ከፍ አይልም። አንድ ጊዜ አክስቷ አዋሽ ሰባት የምትኖር ተማሪ «እዚያ ንፍሮ ቶሎ ይበስላል» አለች። በስልኬ ደውለን ድምፁን ከፍ አደረግነው። «አዎ የኔ ልጅ፣ አዲስ አበባ ባቄላው አስቸገረኝ እኮ፤ እዚህማ ወዲያው ነው» አሉ አክስትየው። ክፍሉ በሙሉ ደብተሩ ላይ አንድ ጥያቄ ጻፈ፦ አዋሽና ኮልፌ በምን ይለያያሉ?

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች፤ አዋሽ ሰባት 1,000 ሜትር ገደማ ናት። ከበላያችን ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው ያነሰ ስለሆነ ግፊቱ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከአየሩ ግፊት ጋር ሲተካከል ነውና የእኛ ውሃ ቀድሞ ይፈላል። አዋሽ ላይ 97 አካባቢ ይደርሳል። የግፊት ድስት ባቄላን ቶሎ የሚያበስለውም በዚሁ ምክንያት እንደሆነ ልጆቹ ራሳቸው ይደርሱበታል።

ጥያቄው ይቅደም፣ መሣሪያው ይከተል የምለው ለዚህ ነው። ልጆቹ መጀመሪያ ጉግል ላይ ቢፈልጉት ኖሮ «100» ብሎ ይነግራቸውና ደብተር ይዘጋ ነበር። ስልክ መልስ ሲሰጥ ልጁ ይቀመጣል፤ ሲለካ፣ ሲቀርጽ፣ ሲደውል ግን ልጁ ይነሳል።

ይህን ልዩነት አገራችን በትልቁ አይታዋለች። በ1997 ዓ.ም. የ2ኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ገባላቸው። ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት ይተላለፍ ነበር፤ መምህሩ መግቢያና መዝጊያው ላይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበረው። ሥዕሉ ያማረ፣ ሙከራው በትክክል የሚሠራ ነበር። ላቦራቶሪ ላልነበራቸው ትምህርት ቤቶች ትልቅ ነገር ነው፣ አላጣጥለውም። ነገር ግን ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ ማን ያቆምለታል?

ከሁሉም የምወደው ሙከራ ምንም ወጪ የለውም ማለት ይቻላል። ከአጠና ተራ የመጣ ቀጥ ያለ አጠና ግቢው ውስጥ እንተክላለን፤ መቆሙን በግንበኛ ቱንቢ እናረጋግጣለን። ልጆቹ ከ5 ሰዓት ተኩል ጀምሮ በየአምስት ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠመኔ ያመለክታሉ፣ ስልኩ ሰዓቱን ይይዛል፣ ፎቶ ያነሳል። ሁሉም ጥላው የሚያጥረው ልክ 6 ሰዓት ላይ ነው ብሎ ይወራረዳል። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ግን አጭሩ ጥላ የሚመጣው 6 ሰዓት ከ25 ገደማ ነው። ሰዓታችን የተቆረጠው ኦጋዴንን በሚያቋርጠው በ45ኛው ዲግሪ ኬንትሮስ ነው፤ እኛ ያለነው 39ኛው አጠገብ ነው፤ ፀሐይ አንዷን ዲግሪ ለመሻገር 4 ደቂቃ ይፈጅባታል። ስሌቱን ልጆቹ ሲሠሩት ማየት አለባችሁ።

ሚያዝያ 5 አካባቢ ፀሐይ አናታችን ላይ ትቆምና አጠናው በቀትር ጥላ አልባ ይሆናል። ታኅሣሥ ላይ ወደ ሰሜን ይወድቅ የነበረው የቀትር ጥላ ግንቦት ላይ ወደ ደቡብ ይዞራል። ይህን በአውሮፓ የሚኖር ልጅ ግቢው ውስጥ በፍጹም ሊያየው አይችልም፤ የኮልፌ ልጅ ግን ይችላል። ሰዓቱም ባለበት አይቆይም፤ ጥቅምት መጨረሻ 6 ሰዓት ከ10፣ የካቲት መጀመሪያ 6 ሰዓት ከ40 ገደማ ይሆናል። ምድር ዘንበል ብላ ስለምትዞርና ምህዋሯ ፍጹም ክብ ስላልሆነ ነው።

ችግሩ ብዙ ነው። ክፍለ ጊዜው አጭር ነው፣ ይዘቱ ይሮጣል፣ ተማሪ ስልክ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድለት ያለችን የመምህሩ አንዲት ስልክ ናት። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው፤ ልጁ በአማርኛ የጠየቀውን ግሩም ጥያቄ በእንግሊዝኛ ጻፍ ሲባል እርሳሱን ያስቀምጣል። ስለዚህ ክርክሩ በአማርኛ ይሁን፣ መዝገቡ በኋላ ይተርጎም እላለሁ። አንዲቷ ስልክ ግን ያን ያህል አታሳስበኝም፤ አንድ መሣሪያ ለሁሉም ሲሆን ልጆቹ ምን እንደሚለካ አስቀድመው ለመስማማት ይገደዳሉ።

ከውሃው ሙከራ በኋላ የ8ኛ ክፍሎች ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቁኛል፦ «ቲቸር፣ ፈተና ላይ ስንት እንበል?» 100 በሉ፣ አጠገቡ ግን «በባሕር ጠለል» ብላችሁ ጻፉ እላቸዋለሁ። የምርጫ ጥያቄ ላይ ግን መጻፊያ ቦታ የለም። የከተማ አቀፉን ፈተና ለምታዘጋጁ ባልደረቦቼ የማቀርበው ልመና ይኸው ነው፦ ስለ መፍላት ስትጠይቁ «በባሕር ጠለል» የሚለውን ጨምሩበት፤ ቢቻል ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ስንት እንደሚሆን፣ ለምንስ እንደሚለይ ጠይቁ።