አንድ ላፕቶፕ፣ ሁለት ሥርዓት፣ የሦስት ሰዓት ልዩነት

ዊንዶውስና ሊኑክስ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ተጭነው መኖር ይችላሉ፤ የሚሠሩት ግን በየተራ ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ፕሮግራም ዲስኩ ላይ አስነሺውን ትፈልጋለች። ብዙ ጊዜ ግራብ የሚባለው ይህ አስነሺ የሁለቱን ስም ስክሪኑ ላይ ደርድሮ የቱን እንደምንፈልግ ይጠይቃል። የተመረጠው ወደ ሚሞሪ ገብቶ ማሽኑን በሙሉ ይረከባል፤ ሌላው ዲስኩ ላይ ተኝቶ ይቆያል። ስለዚህ «ሁለት ከጫንክበት ይንቀራፈፋል» የሚሉትን አትስሙ። የሚጠበው የዲስክ ቦታ ነው።

ጭሮ ላይ ይህን የሚፈልግ አይጠፋም። ከተማዋ ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ያለባት ናት፤ ፕሮግራም መጻፍ የሚለማመድ ተማሪ ሊኑክስ ያሻዋል። ያው ላፕቶፕ ግን ቅዳሜ የቤተሰቡ ሱቅ ሒሳብ በፒችትሪ ይሠራበት ይሆናል፤ ፒችትሪ ደግሞ የዊንዶውስ ነው። በዚያ ላይ ማይክሮሶፍት ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ወዲህ ለዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ አይሰጥም፤ ብዙ አሮጌ ላፕቶፖች ደግሞ የዊንዶውስ 11ን መስፈርት አያሟሉም። ድጋፍ የሌለው ዊንዶውስ ኢንተርኔት ላይ ስለሚያሰጋ እኔ ብሆን ሒሳቡን በዊንዶውስ፣ ኢንተርኔቱን በሊኑክስ አደርገው ነበር።

አደገኛው ሰዓት ዲስኩ ለሁለት የሚከፈልበት ነው። ፋይሎች ከቦታ ቦታ እየተዛወሩ ሳለ መብራት ከጠፋ ያለው ሁሉ ሊበላሽ ይችላል። ገለምሶም ሆነ ሂርና የሚኖር ሰው ዴስክቶፕ ካለው ይህን ሳያስብ አይጀምር፤ ላፕቶፕ ቢያንስ ባትሪ አለው። አስቀድሞ ሰነዱን ሌላ ቦታ ይቅዳ፤ የዊንዶውሱን ክፍል ራሱ በዊንዶውስ ያሳንስ፤ ከዚያ ሊኑክሱን ከፍላሽ ይጫን። ኡቡንቱ ለሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ቢያንስ 25 ጊጋባይት ያስፈልጋል። ዊንዶውስ መቅደም ያለበት፣ በኋላ ሲጫን ራሱን አስነሺ አድርጎ ሊኑክሱን ከምርጫው ስለሚያወጣው ነው። ኮምፒውተር ቤት ወስዳችሁ «ፎርማት አድርጉልኝ» ስትሉም ሊኑክስ እንዳለበት ተናገሩ፤ አለዚያ አብሮ ይጠፋል።

ከተጫኑ በኋላ ጠቡ የሚነሳው፣ አንድ ቆጣሪ እንደሚጋሩ ተከራዮች፣ በጋራው ነገር ላይ ነው። አንዱ የፋይሉ ክፍል ነው። ዊንዶውስ «ሻት ዳውን» ሲባል ቶሎ ለመነሳት እንዲመቸው ሥራውን በከፊል ዲስኩ ላይ አስቀምጦ ይተኛል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ሊኑክስ ያንን ክፍል ሲያይ ባለቤቱ ገና እንዳልለቀቀው ይረዳና ያነበዋል እንጂ አይጽፍበትም። መፍትሔው ዊንዶውስ ውስጥ «ፋስት ስታርታፕ» የሚለውን ማጥፋት ነው።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያስቀው ይህ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ በትንሽ ባትሪ የሚሠራ ሰዓት አለ። ሊኑክስ እዚያ ላይ የዓለም አቀፉን መነሻ ሰዓት ይጽፋል፤ ለኢትዮጵያ 3 ሰዓት የሚደምረው ስክሪን ላይ ሲያሳይ ነው። ዊንዶውስ ግን የተጻፈውን እንዳለ የአገሩ ሰዓት አድርጎ ይወስደዋል። በዚህ የተነሳ ጭሮ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሊኑክስ ወጥቶ ዊንዶውስ የከፈተ ሰው በ9:00 ፈንታ 6:00 ያያል፤ በእኛ አቆጣጠር ገና ንጋት 12 ሰዓት ማለት ነው። በታኅሣሥ ለንደን ያለ ሰው ይህ ችግር አይገጥመውም፤ የእሱ ሰዓትና መነሻው ሰዓት ያኔ እኩል ናቸው። ኢንተርኔት ሲገኝ ዊንዶውስ ሰዓቱን ሊያርም ይችላል፤ ግን የአገሩን ሰዓት ማዘርቦርዱ ላይ ስለሚጽፍበት በተራው ሊኑክስ 3 ሰዓት ይቀድማል። ዊንዶውስ ላይ በእጅ ማስተካከልም ያው ነው። ሊኑክሱ ላይ የማዘርቦርዱን ሰዓት እንደ አገር ሰዓት እንዲያነብ በአንድ ትእዛዝ ማዘዝ ይበቃል።