ሻይ ውስጥ የሚጨመር የንዴት መድኃኒት

በዚህ ወር አምዳችን ስለ ምግብም ስለ ቫይታሚንም አላወራም።

አቃቂ በሰቃ በምሠራበት መድኃኒት ቤት አንድ ምሽት፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ አንዲት እህት ሁለት ልጆቿን አስከትላ ገባች። ፓራሲታሞል ጠየቀችኝ። ግራ ዓይኗ ሥር አብጧል። «ምነው እህቴ?» ስላት «በር መታኝ» አለች። ሌሎቹ ደንበኞች እስኪወጡ ጠብቃ ግን ጠጋ አለችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሻይ ውስጥ የሚጨመር፣ ንዴት የሚያበርድ ኪኒን የላችሁም?» አለችኝ። ባለቤቷ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። «ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲናደድ ነው እንጂ» ስትልም ጨመረችበት።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብልኝ የመጀመሪያዬ አይደለም። መልሴም ያው ነው፤ የለም። እንደ ዲያዜፓም ያሉ ማስታገሻዎች ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጡም። በአንዳንድ ሰው ላይ ደግሞ ጭራሽ ተቃራኒ ውጤት ያመጣሉ፤ ሰውየው ራሱን የሚገታበትን ልጓም ፈተው የባሰ ቁጡ ያደርጉታል። ሳያውቅ የጠጣ ሹፌር መሪ እንደያዘ እንቅልፍ ቢጥለው ደግሞ የሚሞተው እሱ ብቻ አይሆንም።

ንዴት አካልን እንደሚጎዳ አያጠራጥርም። ስንናደድ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን ይረጫሉ፤ ልብ ይፈጥናል፣ የደም ግፊት ይወጣል፣ ጡንቻ ይወጠራል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የጥናቶች ጥንቅር ከኃይለኛ ቁጣ በኋላ ባሉት 2 ሰዓታት ውስጥ ድንገተኛ የልብ ሕመም የመከሰቱ ዕድል ወደ 5 እጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል። «ንዴቱን ያውጣው፣ ይወጣለታል» የሚለው ልማዳችንም ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከ150 በላይ ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ መጮኽና ዕቃ መምታት ንዴትን እንደማያበርድ፣ አካልን የሚያረጋጋ ነገር ግን እንደሚያበርድ አረጋግጧል። በዝግታ መተንፈስ፣ መቀመጥ፣ ዝም ማለት ማለት ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የተቆጣ ሰው ቆሞ ከሆነ እንዲቀመጥ፣ ካልበረደለት ጋደም እንዲል ማስተማራቸውን በመድረሳ ተምረናል። ጫት የሚቅሙ ወንድሞቻችን ደግሞ ምርቃናው ሲያልቅ የሚመጣውን ብስጭት ራሳቸው ያውቁታል፤ ያ ሰዓት ሚስትን በገንዘብ ጉዳይ የሚያነጋግሩበት ሰዓት አይደለም።

ሆኖም ነገሩን ሁሉ በንዴት ማሳበብ አልወድም። ያ ሹፌር ትራፊክ ፖሊስ አስቁሞት ሲቀጣው ይናደዳል፤ ትራፊክ ፖሊሱን ግን አይመታም። መገታት ይችላል ማለት ነው። እጁ የሚፈታው የተፈቀደለት በሚመስለው ቦታ ነው። እንዲመስለው ያደረግነውም እኛው ሳንሆን አንቀርም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ባል ሚስቱን ቢያንስ በአንድ ምክንያት ቢመታ ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ነበሩ፤ ከወንዶቹ ግን 28 በመቶ። ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ ወጥ ማሳረር ነበር! እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ግን ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሴትንም ሆነ አገልጋይን በእጃቸው መትተው እንደማያውቁ ነግራናለች።

ለዚህ ችግር የተሞከረ ትምህርት አለ፤ ሩቅ አገርም አይደለም። ቡታጅራ አካባቢ የዓለም ጤና ድርጅት ያስጠናውና እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ ያደረገው ጥናት ትዳር ካላቸው ወይም ከነበራቸው 10 ሴቶች 7ቱ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ካሳየ በኋላ፣ በዚያው በጉራጌ አገር በ64 መንደሮች ሌላ ጥናት ተካሄደ። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ሰዎች በቡና ሥርዓት ላይ ተሰብስበው 14 ክፍለ ጊዜ ተማሩ። በአንዳንዱ መንደር ወንዶች ብቻ፣ በአንዳንዱ ሴቶች ብቻ፣ በሌላው ባልና ሚስት አብረው፤ ምንም ያልተማሩ መንደሮችም ለማነጻጸሪያ ነበሩ። ከ2 ዓመት በኋላ ሲታይ ጎልቶ ለውጥ የታየው ወንዶቹ በተማሩባቸው መንደሮች ነው። የሚፈጽሙት ጥቃት ቀንሷል፣ በቤት ሥራና በልጅ እንክብካቤም ይበልጥ ይሳተፉ ጀመር። ሴቶችን ለብቻ ማስተማሩ ያን ያህል አልሠራም።

ይህን ሳነብ አፈርኩ። እኔ ራሴ በሴቶች ደርስ ላይ ስለ ትዕግሥት ስንት ጊዜ አውርቻለሁ! ለሚመታው ሰው መነገር ያለበትን ለተመታችው ስነግር ኖሬያለሁ ማለት ነው።

ወንዶች በየሳምንቱ ያለ ጥሪ የሚሰበሰቡበት ቦታ ደግሞ እኛ ዘንድ አለ፤ መስጂድ። ከዒሻ በኋላ ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ጀበና ቡና፣ አንድ የሠለጠነ ወንድም። ከባድ ወጪ የለውም። ኒካሕ ከመታሰሩ በፊት ለሙሽሮች ቢሰጥማ እንዴት ባማረ።

ትምህርቱ የልጅ አስተዳደግንም ቢያካትት ደስ ይለኛል። እናቶች የ6 እና የ7 ዓመት ልጅ ይዘው መጥተው «ሽንቱን መቆጣጠር ጀምሮ ነበር፣ አሁን አልጋ ላይ ይሸናል» ይሉኛል። የሽንት ቧንቧ ሕመም ወይም ስኳር እንዳይሆን መመርመር አለበት። ብዙ ጊዜ ግን ቤት ውስጥ ጠብ አለ፤ ልጁ ፈርቷል። ለሸናበት ሲገረፍ ደግሞ ይብስበታል። እኔም ልጅ ሆኜ የቂርኣት ቤት አለንጋን ቀምሻለሁ፤ የዚያን ቀኑ ሱራ ሳይሆን የአለንጋው ቀለም ነው ትዝ የሚለኝ።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ላሳስብ። አንገት ማነቅ፣ በስለት ወይም በዱላ ማስፈራራት፣ ነፍሰ ጡርን መምታት ካለ የቁጣ ትምህርት እስኪጀመር አይጠበቅም። የታነቀች ሴት አንገቷ ላይ ምልክት ባይኖርም ሆስፒታል መታየት አለባት፤ በእኛ አካባቢ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን ጥቃት በግልጽ በወንጀልነት አስቀምጧል። ለማስታረቅ የምትቀመጡ አባቶችም እባካችሁ ሴቲቱን አስቀድማችሁ ለብቻዋ አነጋግሯት። ባሏ ፊት «በር መታኝ» ነው የምትለው።

ያቺ እህት ያን ምሽት ፓራሲታሞሏን ብቻ ይዛ ሄደች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለቤቷ ራሱ መጣ፤ ራስ ምታት አስቸግሮታል። ግፊቱን ስለካው 160 በ100 ነበር። ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ቆየና «እህቴ፣ ይሄ ከንዴት ነው አይደል?» አለኝ። ስለ ጉራጌዎቹ መንደሮች አጫወትኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «እዚህ የሚያስተምሩት የት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። የምሰጠው አድራሻ አልነበረኝም።